ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፦ ስለ ብስክሌት መንገድ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው። በየሰፈሩ ተሰባስበው ለብስክሌት የተለየ መንገድ እንዲሠራ የሚጠይቁ ነዋሪዎች የት እንደሚጀምሩ፣ ማንን እንደሚያናግሩ፣ «አይቻልም» ሲባሉ ምን እንደሚመልሱ ጠይቀውናል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ኮሚቴ አቋቁመን «ከተማችን ለብስክሌት ምቹ ትሁን» የሚል አቤቱታ ጻፍን፤ ወደ 600 ሰው አስፈርመን አስገባን። የተሰጠን መልስ «ሐሳባችሁን በአዎንታ ተቀብለነዋል» የሚል ነበር። ዓመት ሊሞላው ነው፤ የታየ ነገር ግን የለም። ምን ጎደለን? (የኮሚቴው ጸሐፊ)

መልስ፦ ፊርማችሁ ከበቂ በላይ ነው። የጎደለው ጥያቄው የሚያርፍበት ቦታ ነው። «ከተማዋ ምቹ ትሁን» ሲባል የትኛው ክፍል፣ በየትኛው በጀት፣ በየትኛው መንገድ ላይ እንደሚፈጽመው አይታወቅም። ስለዚህ «እሺ» ብሎ መዝገብ ውስጥ ማስቀመጥ ለማንም ቀላል ነው።

አንድ መንገድ ምረጡ። ርዝመቱ ከ1 እስከ 3 ኪሎ ሜትር ይሁን፤ ሰው በየቀኑ የሚሄድባቸውን ሁለት ቦታዎች ያገናኝ፤ ለምሳሌ ትምህርት ቤትን ከመኖሪያ ሰፈር፣ ገበያን ከአውቶቡስ ተራ። ከዚያ በአንድ ገጽ ጻፉት፦ ከየትኛው መጋጠሚያ እስከ የትኛው፣ አሁን ያለው ስፋት ስንት ነው፣ ምን ዓይነት መስመር ትፈልጋላችሁ፣ ማን ይጠቀምበታል። አንድ ንድፍና ሁለት ፎቶግራፍ አያይዙ። ፎቶው በተጨናነቀ ሰዓት የተነሣ ይሁን። እሑድ ጠዋት የተነሣ ባዶ መንገድ ለተቃዋሚው ማስረጃ ይሆናል እንጂ ለእናንተ አይጠቅምም። ፊርማዎቹንም በመንገድና በሰፈር ለይታችሁ አቅርቡ፤ የምክር ቤት ተመራጭ መጀመሪያ የሚፈልገው ከፈረሙት ውስጥ ስንቱ የእሱ መራጭ እንደሆነ ነው። ደብዳቤውን በመዝገብ ቤት በኩል አስገቡ፤ ገቢ የሆነበት ቁጥርና ቀን ያለበትን ቅጂ ያዙ። መልስ የምትጠብቁበትንም ቀን ጻፉበት።

ከደብዳቤው ይዘት ይልቅ ብዙ ጊዜ ውጤቱን የሚወስነው የገባበት ወቅት ነው። አንድ መንገድ በመሪ ፕላን፣ በአካባቢ ፕላን፣ በዝርዝር ዲዛይን፣ በጨረታና በግንባታ ያልፋል። በመሪ ፕላኑ ጊዜ የሚጠየቀው መንገዱ በብስክሌት መረብ ካርታው ላይ እንዲሰፍርና ዝቅተኛው ስፋት በቁጥር እንዲጻፍ ነው። «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚለው ሐረግ ከገባበት በኋላ ማንም አያስፈልግም ሊል ይችላልና አስወጡት። በዲዛይን ጊዜ ስለ ስፋት አከፋፈሉና ስለ መጋጠሚያዎቹ ትከራከራላችሁ። ጨረታው ከወጣ በኋላ ግን እያንዳንዱ ለውጥ የውል ማሻሻያና ተጨማሪ ክፍያ ስለሚያመጣ በር ይዘጋል። በዚያ ሰዓት ሊገኙ የሚችሉት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፤ የፍሳሽ ፍርግርግ አቅጣጫ፣ የከርብ (የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ድንጋይ) ዝቅታ፣ የትራፊክ መብራት ሰዓት።

እንደ እኛ አስተያየት ከሁሉም የሚረክሰው አጋጣሚ የአስፋልት እድሳት ነው። አሮጌው አስፋልት ሲነሣ የቀለም መስመሮቹ ሁሉ ይጠፋሉ፤ እንደገና መቀባታቸው የግድ ስለሆነ በአዲስ አከፋፈል መቀባት ተጨማሪ ወጪው ትንሽ ነው። ስለዚህ የዓመቱን የመንገድ ጥገና ዕቅድ በጽሑፍ ጠይቁና የመረጣችሁት መንገድ መቼ እንደተያዘለት እወቁ።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ኮሚቴው። አባሎቹ ብስክሌት የሚነዱ ጎልማሶች ብቻ ከሆኑ «የጥቂቶች ፍላጎት» ተብሎ ይታለፋል። በኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ በትራፊክ አደጋ ወደ 3,300 ሰው ሲሞት ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። «የሕፃናት ግድያ ይቁም» ብለው የተነሡት ወላጆች ናቸው። ዛሬ የምናየው የዚያች አገር የብስክሌት መንገድ መነሻው በከፊል የእነሱ ጩኸት ነው። ወላጆችን፣ መምህራንን፣ የጤና ባለሙያዎችን አስገቡ።

ጥያቄ፦ «መንገዱ ጠባብ ነው፤ ለብስክሌት የሚሆን ቦታ የለም» ተባልን። በመካከላችን መሐንዲስ የለም። ምን ብለን እንከራከር?

መልስ፦ 30 ሜትር የሚዘረጋ የመለኪያ ሜትር፣ ሁለት የሚለኩ ሰዎች፣ አንድ መኪና የሚጠብቅ ሰው፣ ደብተርና እርሳስ ይበቃል። ማለዳ መንገዱ ሳይሞላ ውጡ። ከአንዱ ከርብ ፊት እስከ ሌላው ከርብ ፊት በየ50 ሜትሩ ለኩ። ከዚያ ውጪ የሚጠብበትን ሁሉ ለብቻ መዝግቡ፤ ድልድይ፣ የአውቶቡስ ፌርማታ፣ የመብራት ምሰሶ፣ ዛፍ። የእግረኛ መንገዱንም ስፋት ጻፉ፤ ከእግረኛ ላይ ለመቀማት ግን አይደለም። ከርብ ሥር ያለው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ጎማ ስለማይሄድበት ከሚነዳበት ስፋት አይቆጠርም። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ይረሳል፤ 1.5 ሜትር የተባለው መስመር ሲለካ 1.2 ሆኖ የሚገኘውም በዚህ ነው።

ልኬቱን አንድ ሴንቲ ሜትር ለአንድ ሜትር አድርጋችሁ በወረቀት ላይ ሳሉት። መሐንዲሶች ክሮስ ሴክሽን የሚሉት ይኸው ነው። አሁን «ጠባብ ነው» የተባለውን መንገድ እንየው። ስፋቱ 14 ሜትር ነው እንበል፤ እያንዳንዳቸው 3.5 ሜትር የሆኑ አራት የመኪና መስመሮች አሉት። ይህንኑ እንዲህ ማካፈል ይቻላል፦ በየአቅጣጫው አንድ 3.25 ሜትር የመኪና መስመር (ድምር 6.5)፣ መሐል ላይ ለሚታጠፉ መኪኖች 3 ሜትር፣ በሁለቱም ዳር 1.75 ሜትር የብስክሌት መስመርና 0.5 ሜትር ማገጃ (ድምር 4.5)። ተደምሮ 14 ሜትር ይመጣል። አንድ ከርብ እንኳ አልፈረሰም። አውቶቡስ መስታወቱ ሳይቆጠር ስፋቱ 2.55 ሜትር ያህል ስለሆነ በ3.25 ውስጥ ያልፋል።

«አራቱን መስመር ሁለት ካደረጋችሁት ከተማው ይቆማል» ማለታቸው አይቀርም። መታጠፊያ መስመር በሌለው ባለ አራት መስመር መንገድ ላይ ግን የመሐሉ መስመር የሚታጠፍ መኪና በቆመበት ቁጥር ይዘጋል፤ የሚሠራው በግማሽ ጉልበቱ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል አውራ ጎዳና አስተዳደር በቀን እስከ 20,000 ተሽከርካሪ የሚያስተናግድ እንዲህ ያለ መንገድ ለዚህ ለውጥ ጥሩ ዕጩ ነው ይላል፤ በጥናቶቹም አደጋ ከ19 እስከ 47 በመቶ ቀንሶ ታይቷል። የእናንተን መንገድ ለማወቅ በጣም በሚጨናነቅበት ሰዓት የሚያልፈውን ተሽከርካሪ ቁጠሩና በ10 አባዙት። ግምት ነው፤ ከ20,000 በታች ወይም በላይ መሆኑን ለመለየት ግን ይበቃል።

መንገዱ እውነትም ጠባብ፣ 7 ወይም 8 ሜትር ከሆነስ? ያኔ መስመር አትጠይቁ። ጠባብ መንገድ የሚያስፈልገው የመኪና ቁጥርና ፍጥነት መቀነስ ነው። ፍጥነቱ 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ከሆነና በቀን ከ2,000 ያልበለጠ መኪና ካለፈበት ብዙ ሰው ያለ መስመርም ተቀላቅሎ ለመንዳት አይፈራም። ይህ የሚገኘው አቋርጦ የሚያልፈውን መኪና በመከልከል ነው። የኔዘርላንዷ ግሮኒንገን እ.ኤ.አ. በ1977 መሐል ከተማዋን በአራት ክፍል ከፍላ መኪና ከአንዱ ወደ ሌላው በቀጥታ እንዳይሻገር፣ በዙሪያው መንገድ እንዲዞር አደረገች። ብስክሌትና እግረኛ ግን በቀጥታ ያልፋሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ጥቂት ምሰሶ ወይም የአበባ ሣጥን ነው። በምሰሶዎቹ መካከል 1.5 ሜትር ተዉ፤ ከዚያ ከጠበበ ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌትና ተሽከርካሪ ወንበር አያልፍም።

ጥያቄ፦ በእኛ መንገድ ዳር ነጭ መስመር ተቀብቶ የብስክሌት ምልክት ተደርጎበታል። መኪና ግን ሁልጊዜ ይቆምበታል። ከምንም ይሻላል ብለን ዝም እንበል?

መልስ፦ ዝም አትበሉ። መኪና የቆመበት መስመር ብስክሌተኛውን በየደቂቃው ወደ መኪኖች መሐል ያስወጣዋል፤ ከኋላ የሚመጣው ሹፌር ደግሞ መስመሩን አይቶ «የራሱ ቦታ አለው» ብሎ ይጠጋል።

ሕጋዊ መኪና ማቆሚያ ካለ ደግሞ አደጋው በሩ ነው። የመኪና በር ሲከፈት ወደ አንድ ሜትር ያህል ይወጣል። በሩ የመታው ብስክሌተኛ የሚወድቀው ወደ ተሽከርካሪው በኩል ነው። መፍትሔው ሁለቱን ቦታ ማለዋወጥ ነው፤ የብስክሌቱ መስመር ከእግረኛ መንገዱ ጋር ይያያዝ፣ የሚቆመው መኪና በውጭ በኩል ይሁን፣ በመካከላቸው ቢያንስ 0.75 ሜትር ክፍተት ይተው። መኪናው ራሱ ማገጃ ይሆናል። ወደ ብስክሌቱ የሚከፈተውም የተሳፋሪው በር ስለሆነና ብዙ መኪና ሹፌሩን ብቻ ስለሚይዝ በሩ የሚከፈትበት ጊዜ ያንሳል።

ማገጃ ስትጠይቁ ግን ስፋቱን አብራችሁ አስቡ። የተቀመጠ ሰው ከነብስክሌቱ 0.75 ሜትር ያህል ይይዛል፤ ከመወዛወዙ ጋር 1 ሜትር። ሰው ከግንብ ወይም ከከርብ ተጣብቆ አይነዳም፤ ፔዳሉና መሪው ይነካል። የብሪታኒያ የእ.ኤ.አ. 2020 የብስክሌት መንገድ ዲዛይን መመሪያ እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላለው ከርብ ተጨማሪ ስፋት አይጠይቅም፤ እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ለሆነ 0.2 ሜትር፣ ከ60 ሴንቲ ሜትር ለሚበልጥ አጥር ወይም ግንብ 0.5 ሜትር ይጨምራል። ስለዚህ በ12 ሴንቲ ሜትር ከርብና በብረት አጥር መካከል የተሠራ 1.5 ሜትር መስመር የሚነዳበት ስፋቱ 0.8 ሜትር ነው ማለት ነው። በወረቀት ላይ ደረጃውን ያሟላል፤ የሚነዳው ሰው ግን መኪናው መንገድ ላይ ይወጣል፤ ከዚያም «ሠርተንላቸው አልተጠቀሙበትም» ይባላል። ለአንድ አቅጣጫ 2 ሜትር፣ ለሁለት አቅጣጫ 3 ሜትር ጠይቁ። መጀመሪያውኑ 1.5 ብላችሁ ከጠየቃችሁ 1.2 ነው የሚሰጣችሁ።

ጥያቄ፦ «በዚህ መንገድ ላይ ብስክሌት የሚነዳ የለም፤ ለማን እንሥራ?» ይሉናል። ሐሰት ነው ማለት ግን አንችልም።

መልስ፦ ሐሰት ነው አትበሉ፤ ቁጠሩ። ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ባለው የሥራ ቀን፣ በዓልና የትምህርት ዕረፍት በሌለበት ሳምንት፣ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል፣ ከሰዓት በኋላም ለሁለት ሰዓት ያህል። ቅዳሜን ጨምሩ፤ የገበያ ጉዞ የሚታየው ያን ቀን ነው። ሁለት ሰው በአንድ ነጥብ ይቁም፤ እያንዳንዱ አንድ አቅጣጫ ይያዝ። ቅጹን በየ15 ደቂቃው ክፈሉትና ለወንድ፣ ለሴት፣ ለልጅ፣ ዕቃ ለጫነ ዓምድ አድርጉለት። አንድ ዓምድ ደግሞ በእግረኛ መንገድ ላይ ለሚነዳ።

ከድምሩ ይልቅ የሚናገሩት እነዚህ ዓምዶች ናቸው። ሴትና ልጅ ከሌለ፣ ያለውም ግማሹ እግረኛ መንገድ ላይ ከሆነ፣ ችግሩ መንገዱ ያስፈራል ማለት ነው። ትምህርት ቤቱ በራፍ ላይም በመጠይቅ «ልጅዎ በብስክሌት እንዳይሄድ ያደረገው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ምሳሌ ከፈለጋችሁ የስፔኗን ሴቪያ ጥቀሱ። ብስክሌት ከጉዞዎቿ እዚህ ግባ የማይባል ድርሻ ነበረው። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2010 ወደ 120 ኪሎ ሜትር የሚሆን ከመኪና የተለየ መንገድ ሠራች፤ የተጓዡ ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ በብዙ እጥፍ አደገ። ልብ በሉ፣ የሠራችው እርስ በርሱ የተያያዘ መረብ ነው። ከየትም ጀምሮ የትም የማያደርስ 400 ሜትር ተሠርቶ ተጠቃሚ ቢጠፋ ጥፋቱ የነዋሪው አይደለም።

ጥያቄ፦ የመንገዳችን ዲዛይን ለአስተያየት ቀርቧል። ሥዕሉ ያምራል። ምኑን እንመልከት? (ዲዛይን ማንበብ የማያውቁ)

መልስ፦ ቀጥ ያለውን ክፍል እለፉትና መጋጠሚያውን ፈልጉ። ብዙ ዲዛይን ላይ ያማረው አረንጓዴ መስመር መጋጠሚያው ጋ ሲደርስ 20 ሜትር ቀርቶት ይጠፋል። ከባዱ ግጭት የሚደርሰው ደግሞ እዚያ ነው። መኪናው ብስክሌቱን ይቀድመውና ወዲያው ወደ ዳሩ መንገድ ሲታጠፍ ቀጥ ብሎ የሚሄደውን ብስክሌት ያቋርጠዋል። የጭነት መኪና ሹፌር ከመኪናው ጎን ያለውን ሰው ጨርሶ ላያየው ይችላል።

በሥዕሉ ላይ አራት ነገር ለኩ። አንደኛ፣ የማዕዘኑ ክብነት። ሰፊ ክብ ማዕዘን መኪና ሳይቀዘቅዝ እንዲታጠፍ ይጋብዛል፤ ጠበብ ያለው እስከ 15 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያወርደዋል። ሁለተኛ፣ የብስክሌቱ ማቋረጫ ከዋናው መንገድ ጠርዝ ስንት ሜትር ገባ ብሏል? አምስት ሜትር ያህል ከገባ አንድ መኪና ታጥፎ ሌላውን ሳይዘጋ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሹፌሩም ብስክሌተኛውን በመስታወት ሳይሆን ከፊቱ ያየዋል። ሦስተኛ፣ ከመጋጠሚያው በፊት ባለው 10 ሜትር ውስጥ መኪና ማቆሚያ ወይም ማስታወቂያ ሰሌዳ ዕይታ ይከልላል? አራተኛ፣ ማቋረጫው ከእግረኛ መንገዱ ጋር እኩል ከፍ ብሏል ወይስ ብስክሌቱ ወርዶ ይወጣል?

መብራት ካለ ለብስክሌት ቢያንስ 3 ሰከንድ የቀደመ አረንጓዴ ጠይቁ፤ ከተቻለ የሚታጠፈው መኪና የሚቆምበት የራሱ ሰዓት። ከቆመበት የሚነሣ ብስክሌተኛ 20 ሜትር ስፋት ያለውን መጋጠሚያ ለማቋረጥ 7 ወይም 8 ሰከንድ ይፈልጋል። ለመኪና ብቻ የተሰላ ሰዓት መሐል ላይ ጥሎት ይለወጣል።

ሁለቱንም አቅጣጫ በአንድ ዳር የሚያሳልፍ ዲዛይን ከሆነ የጎን መንገዶቹን ቁጠሩ። ከጎን መንገድ የሚወጣ ሹፌር የሚያየው መኪና ወደሚመጣበት በኩል ነው፤ ከሌላው በኩል የሚመጣውን ብስክሌት አይጠብቅም። በወንዝ ወይም በባቡር ሐዲድ ዳር፣ መጋጠሚያ በሌለበት፣ ይሠራል። በየ50 ሜትሩ መጋጠሚያ ባለበት መንገድ ግን አንቀበልም በሉ። በአደባባይ ውስጥ ጠርዙን ተከትሎ የሚቀባ መስመርም እንደዚሁ፤ ብስክሌተኛውን ለሚወጣው መኪና አሳልፎ ይሰጠዋል።

በመጨረሻ የፍሳሽ ፍርግርጉን አትርሱ። ዘንጎቹ በጉዞው አቅጣጫ ከተዘረጉ ቀጭን ጎማ ይውጣሉ፤ አግድም መሆን አለባቸው። ኮንትራክተሩ በአንድ ቀን የሚያስተካክለው ነገር ነው፤ ካልተነገረው ግን አያስተካክልም።

ጥያቄ፦ ማየት የተሳነኝ ነኝ። ብስክሌት ድምፅ የለውም። አዲሱ መስመር በአውቶቡስ ፌርማታው ኋላ ያልፋል ሲባል ሰጋሁ። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ምን ታስቦ ነው?

መልስ፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ ያለ እርስዎ ተሳትፎ የሚጸድቅ ዲዛይንም መኖር የለበትም። መስመሩ በፌርማታው ኋላ ሲያልፍ ብስክሌተኛው ከአውቶቡሱ ጋር አይጋፋም፤ ተሳፋሪው ግን መስመሩን ማቋረጥ ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ ተሳፋሪ የሚቆምበት ደሴት ቢያንስ 2.5 ሜትር ስፋት ይኑረው። ማቋረጫው ከእግረኛ መንገዱ እኩል ከፍ ያለ ዜብራ ይሁን። በእግርና በበትር የሚታወቅ ጎርባጣ ንጣፍ ከእግረኛ መንገዱ እስከ አውቶቡሱ በር ይምራ። መስመሩም እዚያ ጋ ጠበብና ጠመዝመዝ ብሎ ብስክሌቱን ያዘግየው።

በእግረኛ መንገዱና በብስክሌት መስመሩ መካከል የቀለም ልዩነት ብቻ ከታየ አይቀበሉ። 6 ሴንቲ ሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት በበትር ይታወቃል፤ ፔዳልም አይነካም። ሁለቱንም ወገን የሚያስማማ ልክ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ በመንገዱ ዳር ያሉ ነጋዴዎች «ማቆሚያ ከተነሣ ደንበኛ ይቀርብናል» ብለው ተቃውመውናል።

መልስ፦ በስብሰባ ፊት ለፊት አትግጠሟቸው። ከስብሰባው በፊት በየሱቁ ሄዳችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ዕቃ የሚራገፈው ስንት ሰዓት፣ በምን ዓይነት መኪና ነው? አብዛኛው ቁጣ ከዚህ የሚነሣ ነው። በየመንገዱ ክፍል 12 ሜትር ያህል የማራገፊያ ቦታ በንድፉ ላይ ካሳያችኋቸው ብዙዎቹ ይረጋጋሉ። ከዚያ ደንበኞችን በምን እንደመጡ ጠይቁ። በበርካታ ከተሞች በተደረጉ ጥናቶች ነጋዴዎች በመኪና የሚመጣውን ደንበኛ ከእውነቱ አብልጠው ሲገምቱ ታይቷል። ውጤቱን መጀመሪያ ለራሳቸው አሳዩዋቸው፤ በምክር ቤት ፊት ካዋረዳችኋቸው አይመለሱም።

ብስክሌት ማቆሚያም አብራችሁ ጠይቁ። የተገለበጠ ዩ ቅርጽ ያለው፣ መሬት ውስጥ የተቀበረ ብረት፣ ቁመቱ 75 ሴንቲ ሜትር፣ አንዱ ከሌላው 1 ሜትር የራቀ። አንዱ ብረት በግራና በቀኝ ሁለት ብስክሌት ይይዛል፤ የአንድ መኪና ቦታ አሥር ያህል ይችላል። የፊት ጎማን ብቻ የሚይዘውን ዓይነት አትቀበሉ። ጎማ ያጣምማል፤ ሌባም ጎማውን ትቶ ብስክሌቱን ይወስዳል።

ጥያቄ፦ ማዘጋጃ ቤቱ «ለሙከራ ለሦስት ወር እንሥራው» ብሏል። እንቀበል?

መልስ፦ ተቀበሉ፤ ግን ቅድመ ሁኔታዎቹን አስቀድማችሁ በቃለ ጉባኤ አስይዙ። ሦስት ወር አጭር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሹፌሩም ብስክሌተኛውም ገና አልለመደውም፤ ተቃውሞው የሚጮኸውም ያኔ ነው። ስድስት ወር ጠይቁ፤ ዝናብ ያለበትን ጊዜ ይጨምር። ፓሪስ እ.ኤ.አ. በ2020 በቢጫ ቀለምና በጊዜያዊ ማገጃ የጀመረቻቸው ብዙ መስመሮች ዛሬ ቋሚ ናቸው።

ከመጀመሩ በፊት ቁጠሩ፤ የመኪና ፍጥነትም ይለካ። «ተሳካ» የሚባለው በምን እንደሆነ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ ሙከራው የሚመዘነው በስልክ ቅሬታ ብዛት ነው። የፕላስቲክ ኮን አትቀበሉ፤ በሳምንት ውስጥ ይበተናል። በአስፋልቱ ላይ በብሎን የሚታሰር ማገጃ ወይም አፈር የተሞላ ከባድ ሣጥን ይሁን። በመካከላቸው የሚተወው ክፍተት ከ2.5 ሜትር አይብለጥ፤ መኪና እንዳይገባ፣ ጎርፍም እንዲያልፍ። መስመሩን ማን፣ በምን እንደሚጠርገውም ይወሰን። በመኪና መስመር ላይ አሸዋና የጠርሙስ ስባሪ በጎማ ይገፋል፤ በታጠረ የብስክሌት መስመር ላይ ግን ይከማቻል። ከተማው ያለው የጽዳት መኪና በመስመሩ ውስጥ መግባት ካልቻለ በመጥረጊያ የሚጠርግ ሠራተኛ በስም ይመደብ፤ የሚጠረግበትም ቀን ይቆረጥ።